በኪራይ ግቢ ለሚኖሩ አረጋውያን የጉርብትናና የደኅንነት መመሪያ፤ ለደብረ ሲና ከተማ ነዋሪዎች

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማበር ዋሻ በታች፣ ጉም በሚያዘወትረው ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህች ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ሁሉ፣ የራሳቸው ቤት ሳይኖራቸው በቀበሌ ቤት፣ ወይም አንድ ባለቤት በግቢው ውስጥ በተርታ ሠርቶ በሚያከራያቸው ክፍሎች የእርጅና ዘመናቸውን የሚያሳልፉ አረጋውያን አሉ። ከነርሱም መካከል በጡረታ የተሰናበተ መምህር ወይም ወታደር፣ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄደውባት ብቻዋን የቀረች እናት፣ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ለመንገደኛ ቆሎ እየሸጠች የዕለት እንጀራዋን የምታገኝ ባልቴት፣ ዓይኑ ደክሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ የማይሞክር ሽማግሌ ይገኛሉ።

አባቶቻችን ለሞት የሠሩልን ሥርዓት እጅግ የተሟላ ነው። አንድ የእድር አባል ባረፈ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው መንደሩን ያዳርሳል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ቀብር ያልደረሰ አባል ይቀጣል፤ ኀዘንተኛውም ብቻውን እንዳያድር በተራ የሚያስተዛዝነው ሰው አይታጣም። ነገር ግን ያው ሟች ከማረፉ በፊት በነበሩት ቀኖች በሩን ከፍቶ እንደ ወጣ ወይም ሳይወጣ እንደ ዋለ፣ እሳት እንዳነደደ ወይም በብርድ እንደ ተቆራመደ፣ መድኃኒቱን እንደ ዋጠ ወይም እንዳለቀበት መርምሮ የሚያውቅ ሰው በስም የሚመድብ ደንብ በጥቂቶቹ ካልሆነ በቀር በእድሮቻችን መተዳደሪያ ውስጥ አይገኝም። ጎረቤት ደግ ስለሆነ ሳይታዘዝ ይጠይቃል እንል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ደግነት ሥርዓት ካልተበጀለት አንዱ «ሌላው አይቶታል» እያለ የሚተወው፣ ሌላውም በሥራ ብዛት የሚዘነጋው ነገር ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና አሳብ፣ ለቀብር ካዋልነው ሥርዓት ከፍለን ለኑሮ እናውል የሚል ሲሆን፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ዐሥር ተግባራት ሁሉ ከዚሁ አሳብ የተቀዱ ናቸው።

ይህን የሚያነቡት እርስዎ አረጋዊ ተከራይ ቢሆኑ፣ ወይም የግቢው ባለቤት፣ ወይም በዚያው ግቢ በጉልምስና ዕድሜ የሚኖሩ ጎረቤት፣ ወይም በሩቅ አገር ሆነው ስለ እናትዎ የሚያስቡ ልጅ ቢሆኑ፣ ሥራውን ለመጀመር ሹመትም ገንዘብም አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን አግባብቶ መሰብሰብና የተስማሙበትን ነገር በጽሑፍ ማኖር ነው።

አንደኛ፤ የግቢውን ነዋሪ በመዝገብ መያዝ

በመጀመሪያ አንድ ጠንካራ ደብተር ገዝተው በየክፍሉ የሚኖረውን አረጋዊ ፈቃዱን እየጠየቁ ይመዝግቡ። የሚመዘገበውም ሙሉ ስሙና የሚጠራበት ስም፣ የቅርብ ዘመዱ ስልክ፣ የሚያውቀው ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ የእድሩ ስም፣ ክርስቲያን ከሆነ የንስሐ አባቱ፣ ሙስሊም ከሆነ የሚሰግድበት መስጊድና በዚያ የሚያውቀው ሰው ነው። ይህ የሰው ምስጢር ስለሆነ ደብተሩ በሁለት የታመኑ ሰዎች እጅ ብቻ ይቀመጥ፤ ማንም እንደ ወሬ ማንበቢያ እንዳያደርገው ከመጀመሪያው ቃል ይገባበት፤ ሕመሙን ማስመዝገብ ያልወደደ ሰውም አይገደድ።

ከዚያ ቀጥለው በእያንዳንዱ አረጋዊ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሊያነበው በሚችል ትልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይለጥፉ። በወረቀቱም ላይ የቅርብ ጎረቤቱ፣ የልጁ ወይም የዘመዱ፣ የጤና ጣቢያውና የከተማው ፖሊስ ስልክ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ 907 ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የሁለት ሰዎች ቁጥር በስልካቸው ሁለት ቁልፎች ላይ እንዲቀመጥላቸውና አንድ ጊዜ በመጫን እንዴት እንደሚደወል በትዕግሥት ተደጋግሞ እንዲታያቸው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የማለዳውን ሰላምታ ተራ ማውጣት

ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመፈጸም ጊዜ የሚኖርዎት ቢሆን፣ የሚመረጠው ይህ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ከሁሉ የሚከፋው አደጋ መውደቅ ወይም በድንገት መታመም ብቻ ሳይሆን፣ ወድቆ ማንም ሳያውቅለት ረጅም ሰዓት መቆየት ነው። በቀዝቃዛ ወለል ላይ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው፣ ስብራቱ ቀላል ቢሆንም እንኳ፣ ከብርዱ፣ ከውኃ ጥሙና ከጭንቀቱ የተነሣ ሰውነቱ ይጎዳል፤ ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመና አንደበቱ የተሳሰረ ሰውም ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ የሚድንበት ጊዜ ያልፍበታል።

አፈጻጸሙ እንደሚከተለው ነው። በግቢው ውስጥ በጉልበት የሚገኙትን ሰዎች በሰባቱ ቀኖች ይደልድሉ፤ ለምሳሌ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍል፣ ማክሰኞ የሁለተኛው እያለ እስከ እሑድ ይዝለቅ፤ ሰው ያነሰ እንደ ሆነ አንዱ ሁለት ቀን ይያዝ። ተረኛው በማለዳ፣ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት፣ በየአረጋዊው በር ደርሶ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» «አባባ፣ ደኅና አደሩ?» ብሎ መልስ ይጠብቅ። መልሱን በጆሮው ሳይሰማ፣ ቢቻልም ፊታቸውን ሳያይ አይሂድ፤ ምክንያቱም በሩ መከፈቱ ብቻ የሰውየውን ደኅንነት አያስረዳምና። አመሻሽ ላይም እንደዚሁ፣ በር ከመዘጋቱ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ይጠይቅ።

መልስ ባይሰማ የሚደረገው አስቀድሞ የተቆረጠ መሆን አለበት። ተረኛው በመጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራ፤ ቀጥሎ በስልክ ይደውል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጎረቤት ጠርቶ፣ ሁለት ሆነው፣ በአደራ የተቀመጠውን ትርፍ ቁልፍ ይዘው ይግቡ። ስለዚህ እያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ትርፍ ቁልፍ ለሚያምነው ጎረቤት መስጠት፣ ሌሊትም ከውስጥ ሲዘጋ ከውጭ ፈጽሞ ሊከፈት የማይችል መቀርቀሪያ አለመጠቀም ይገባዋል። ሁለት ሆኖ መግባቱ ለተጎጂው ረድኤት፣ ለገቢዎቹም ከሐሜትና ከጥርጣሬ መዳኛ ነው።

ይህን ተራ ለልጆች ማካፈል ደግሞ ታላቅ ጥቅም አለው። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ለእማማ ሰላምታ የምታደርስ፣ ስትመለስም ውኃ በጀሪካን ቀድታ የምታስገባ ልጅ ጎረቤትን መውደድን በቃል ከምትማረው ይልቅ በእጇ ትማረዋለች። ይሁን እንጂ የቀኑ ኃላፊነት በአዋቂ ስም ይመዝገብ እንጂ በልጅ ጫንቃ ላይ አይጣል።

ሦስተኛ፤ ክፍሉንና መተላለፊያውን ከመውደቅ አደጋ ማጽዳት

የደብረ ሲና ቦታ ተዳፋት ስለሆነ በብዙ ግቢ ውስጥ ከክፍል ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ውኃ መቅጃ ለመሄድ ደረጃ መውጣት ወይም ጭቃማ መውረጃ ማለፍ ግድ ነው። እርስዎም ከግቢው ባለቤት ጋር ሆነው ይህን መንገድ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በሌሊት እየሄዱ ይመርምሩት፤ በቀን የማይታየው እንቅፋት በሌሊት ይገኛልና።

የሚያዳልጠው መሬት ላይ ድንጋይ ወይም ጠጠር ይነጠፍ፤ ከደረጃው ጎን ከባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ መደገፊያ ይተከል፤ የደረጃው ጠርዝ በነጭ ኖራ ይቀባ፤ በሽንት ቤቱ ግድግዳም ተቀምጦ ለሚነሣ ሰው መያዣ የሚሆን ጠንካራ እንጨት በምስማር ይመታ። የሽንት ቤቱ ወለል እንጨት ከሆነ የበሰበሰውን በየክረምቱ መግቢያ መለወጥ የባለቤቱ ግዴታ መሆኑ በውሉ ውስጥ ይግባ። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ተንከባላይ ጀሪካን፣ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድና ጠርዙ የታጠፈ ምንጣፍ ከመተላለፊያው ይነሡ፤ የእጅ ባትሪ ሁልጊዜ ከትራስ አጠገብ ይቀመጥ።

ሌሊት ሽንት የሚያመላልሰው አረጋዊ በጨለማና በብርድ ከመውጣት ይልቅ በክፍሉ ፖፖ መያዙ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከመኝታውም ሲነሣ በአንድ ጊዜ ብድግ ከማለት፣ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጥቂት መቆየት ይገባዋል፤ ይልቁንም የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲቆም ራሱን ሊያዞረው ይችላል።

አራተኛ፤ ከከሰልና ከእሳት መጠበቅ

በደጋ አገር ብርዱ ሲጸና ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍል ማስገባት የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ ግን በዝግ ክፍል ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድል ነው። ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛም አየር መልክም ሽታም ስለሌለው፣ ጭሱ ከጠፋ በኋላም መውጣቱን ስለሚቀጥል፣ ፍሙ የጠራ መስሎ በታየ ጊዜ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ እነዚህን ያየ ሰው ወዲያው በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ያልነቃውንም ሰው ጎትቶ ያውጣና ወደ ሕክምና ያድርስ።

ስለዚህ ደንቡ አንድና የማይናወጥ ይሁን፤ ይኸውም ማንም ሰው የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ እንዳይተኛ ነው። የማታው ተረኛ ሲጠይቅ «ማንደጃው ወጥቷል?» የሚለውን ከሰላምታው ጋር አያይዞ ይጠይቅ። ለብርዱ መከላከያ በበር ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መሙላት፣ በጣሪያው ሥር ኮርኒስ መዘርጋት፣ ወፍራም ጋቢና ካልሲ ለብሶ መተኛት፣ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማኖር ይቻላል።

መብራት በጠፋ ሌሊት ከሻማና ከኩራዝ ይልቅ የእጅ ባትሪ ይመረጥ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ክፍሎች የሚጠቀሙበት ግቢ ከሆነ፣ የእንጀራ ምጣድ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ እንዳይሰካ ይስማሙ፤ የተላጠ ገመድ በሙያተኛ ይለወጥ። በግቢው መካከል ደግሞ ውኃ የሞላ በርሜልና የአሸዋ ባልዲ ለዚሁ ተብሎ ይቀመጥ፤ በኤሌክትሪክ በተነሣ እሳት ላይ ግን ቆጣሪው ሳይጠፋ ውኃ እንዳይደፋ ሁሉም ይወቅ።

አምስተኛ፤ የኪራዩን ነገር በውል ማጽናት

አረጋዊ ሰው ቤት ልቀቅ የሚለውን ቃል እንደሚፈራ ሌላውን አይፈራም፤ ይህም ፍርሃት ስላለበት ጣሪያው ሲያፈስ፣ በሩ ሲሰበር ዝም ይላል። ከዚህ ፍርሃት የሚያወጣው የተጻፈ ውል ነው።

በአገራችን ከተሞች የሚገኙት የቀበሌ ቤቶች ታሪክ ከ1967 ዓ.ም. የሚጀምር ነው፤ በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ወደ ቀበሌዎች፣ ተላለፉ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ከሆነ የኪራይ ደረሰኝዎን ከመጀመሪያው እስካሁን በአንድ ከረጢት ሰብስበው ይያዙ፤ እድሳት ሲያስፈልግም በቃል ከመለመን ማመልከቻ ጽፈው ቅጂውን በእጅዎ ያስቀሩ።

ከግለሰብ የተከራዩ ከሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩም ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ ደንግጓል። አዋጁ በየክልሉ ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ፣ በከተማዎ ያለውን አፈጻጸም ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቀው ይረዱ፤ አዋጁ ባልደረሰበትም ስፍራ ቢሆን በሦስት ምስክሮች ፊት የተፈረመ ውል ከቃል ይሻላል። በውሉም ውስጥ የኪራዩ ልክ፣ የውኃና የመብራት አከፋፈል፣ ጣሪያና ሽንት ቤት የሚጠግነው ማን እንደ ሆነ፣ ለመልቀቅ የሚሰጠው ጊዜ፣ ደግሞም ተከራዩ ቢታመም አስታማሚ አብሮት እንዲያድር መፈቀዱ ይጻፍ።

ባለቤት ሆይ፣ ለእርስዎም አንድ ቃል አለ፤ አረጋዊ ተከራይ ቀን ከሌት በግቢው የሚውል፣ ገቢና ወጪውን የሚያይ፣ ቤትን በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው ነው። ስለዚህ መደገፊያ ተክለውለት፣ ጣሪያውን ጠግነውለት ቢያኖሩት ከምርቃቱ በላይ ለግቢዎ ጥበቃ የሚሆን ጥቅም ያገኛሉ።

ስድስተኛ፤ ገንዘቡንና ንብረቱን ከአታላይ መጠበቅ

የመንግሥት ጡረታ ያለው ሰው ገንዘቡን በወሩ በባንክ ይቀበላል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ግን የወጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ አስቀድሞ በግል ሥራ የደከሙ ብዙ አረጋውያን የሚጠብቁት ወርኃዊ ገቢ የላቸውም። የመጀመሪያው ሰው ገንዘቡን እንዳይነጠቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ የሚልክለት ጥቂት ብር በተንኮል እንዳይወሰድበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የባንክ ወይም የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ለማንም፣ በስልክ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ለሚልም ጭምር እንዳይነገር፤ «ሽልማት ወጥቶልዎታል፤ መጀመሪያ ጥቂት ብር ይላኩ» የሚል መልእክት ሁሉ ማታለያ መሆኑ በየጊዜው ይነገራቸው። የጡረታ ቀን ሲደርስ ብቻቸውን ከመሄድ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከአንድ ጎልማሳ ጋር መሄድ ይመረጣል። ሌላ ሰው በውክልና የሚቀበልላቸው ከሆነም የተቀበለውን በየወሩ በደብተር አስፍሮ ከምስክር ፊት ያስረክብ፤ ይህም የታመነውን ሰው አያስቀይመውም፣ ያስከብረዋል እንጂ።

የውጭው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይቆረጥ፤ ያልታወቀ ሰው ሲገባ «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የሁሉም ልማድ ይሁን። ስርቆት ወይም ማስፈራራት በደረሰ ጊዜ ለፖሊስ ማመልከት ሊዘገይ አይገባም፤ በደሉ ከራስ ልጅ ወይም ከዘመድ የመጣ እንደ ሆነ አረጋዊው ስለሚያፍር፣ የሚያምነው የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ለብቻው ያነጋግረው።

ሰባተኛ፤ ለክረምት፣ ለመንገድና ለድንገተኛ ነገር መዘጋጀት

የደብረ ሲና አካባቢ ገደላማና የተፈረካከሰ አለት ያለበት በመሆኑ ዝናብ ሲበረታ መሬቱ ይንሸራተታል፤ በ1998 ዓ.ም. መባቻ በአቅራቢያው በይዛባ የደረሰው መንሸራተት ቤትና እርሻ አፍርሶ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ከተዳፋት ሥር ቤት የሚከራዩ ከሆነ ግድግዳው አዲስ ስንጥቅ ማውጣቱን፣ በሩ ያለ ምክንያት አልዘጋም ማለቱን፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ማዘንበሉን፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ መፍለቁን ይመልከቱ፤ እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ሌሊቱን በዚያ ሳያድር ለአስተዳደሩ ይንገር። የጎርፍ መውረጃው ቦይ ከሰኔ በፊት በዘመቻ ይጠረግ።

በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ጎዳና ከጣርማበር ቁልቁል የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት ነው፤ የእነዚህ መኪናዎች ፍሬን በረጅሙ ቁልቁለት ምክንያት ሊግል ስለሚችል ቶሎ መቆም ይሳናቸዋል። ስለዚህ አረጋዊ ሰው ጉም በወረደ ጊዜ ብቻውን መንገድ እንዳይሻገር፣ ማለዳ ወደ ኪዳን ወይም ወደ ቅዳሴ ሲሄድ ነጠላው ነጭ ስለሆነ ይታያል ብሎ እንዳይተማመን፣ ባትሪ አብርቶ ከሌሎች ጋር በአንድነት እንዲሄድ ይደረግ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ መራመድ ለሚቸግረው ሽማግሌ ስደቱ ራሱ ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ ከተማው አይቶታል። ከዚህ በመማር፣ በግቢው ውስጥ የሚኖር እያንዳንዱ ደካማ ሰው በእሳትም፣ በመንሸራተትም፣ በሁከትም ጊዜ ማን እንደሚደግፈው በስም ይታወቅ። መታወቂያው፣ የጡረታና የጤና መድን ደብተሩ፣ የኪራይ ውሉ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒቱና ጥቂት ገንዘብ በአንድ አነስተኛ ቦርሳ ሆኖ ከበሩ አጠገብ ይንጠልጠል።

ስምንተኛ፤ የሕክምናን ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ደመወዝተኛ ያልሆነው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ የሚታከምበት፣ መክፈል የማይችለውም ተለይቶ ወጪው የሚሸፈንበት ሥርዓት ነው። የምዝገባና የእድሳት ጊዜ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ የደብተሩ ያዥ የሁሉንም የእድሳት ቀን ጽፎ አስቀድሞ ያስታውሳቸው። ከዚህ ጋር የግቢው አረጋውያን የደም ግፊታቸውን በተወሰነ ጊዜ እንዲለኩ አብሮ መሄድ፣ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ለሚያመጣው ሰው መንገር፣ የጾምን ነገርም ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገርበት መምከር ያስፈልጋል።

ዘጠነኛ፤ አረጋውያኑን የማኅበሩ ባለቤት ማድረግና የእድሩን ደንብ ማሻሻል

ጥበቃ ብቻውን ያለ ወዳጅነት ሰውን እስረኛ ያደርጋል። ስለዚህ በግቢው የሚፈላው ቡና በተራ ከየቤቱ እንዲዞር፣ የማይችለው አረጋዊ ቤት ሲደርስ ቡናውን ሌላው አምጥቶ በእርሱ ቤት እንዲፈላ ይደረግ፤ በዚህ መንገድ ቤቱ እንግዳ የሚገባበት ቤት ሆኖ ይኖራል። በወሩ 12 የቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ወይም እሑድ ሰንበቴ ያላቸው ሰዎች፣ መሄድ ያቃተውን አባል ደግፎ የሚያደርስ፣ ካልተቻለም ድርሻውን ቤቱ ድረስ የሚያመጣ ሰው ይመድቡ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በበዓል ቀን እንደ ልማዳቸው ይጠያየቁ።

አረጋዊ ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ አረጋውያን ባጸደቃቸው መርሆች ውስጥ እንክብካቤ ከነጻነት፣ ከተሳትፎ፣ ራስን ከማሟላትና ከክብር ጋር እኩል የተጠቀሰው ስለዚህ ነው። ጡረተኛው መምህር ልጆችን ያስጠና፤ የቀድሞው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ውልና ማመልከቻ ይጻፍ፤ በርበሬ ማጠንና ድልህ ማዘጋጀት የምታውቀው እናት ታሳይ፤ በጎረቤቶች መካከል ጠብ ሲነሣም ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይስሙት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል፤ ነገር ግን ሰው እንደሚፈለግ የሚያውቀው ከመንግሥት መዝገብ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጥሪ ነው።

ከዚህ በኋላ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሦስት አንቀጾች እንዲጨመሩ ለዳኛውና ለጸሐፊው በጽሑፍ ያመልክቱ። አንደኛው፣ ብቻውን ለሚኖር አረጋዊ አባል ጠያቂ በስም እንዲመደብ፤ ሁለተኛው፣ አባሉ በታመመ ጊዜ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት የሚሆን የተወሰነ ገንዘብ ከቀብር ገንዘቡ ተለይቶ እንዲቀመጥ፤ ሦስተኛው፣ መዋጮ መክፈል ያቃተው አረጋዊ ከአባልነት እንዳይሰረዝ ነው። ቀብር ያልደረሰን የሚቀጣ እድር፣ ታሞ የተኛን ተራው ደርሶ ያልጠየቀውንም ቢቀጣ ለራሱ ዓላማ የታመነ ይሆናል።

ዐሥረኛ፤ ብቻውን መኖር ባልቻለ ጊዜ መምከር

ምግብ ምድጃ ላይ ጥሎ የሚረሳ፣ መንገድ የሚጠፋበት፣ ወይም ራሱን ማንሣት ያልቻለ ሰው ከሰላምታ ተራ የበለጠ እርዳታ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹና የንስሐ አባቱ ወይም ሌላ የሚያከብረው ሰው በአንድነት ተቀምጠው፣ እርሱ ራሱ ባለበትና ቃሉ አስቀድሞ በተሰማበት ጉባኤ ይምከሩ። አንድ የዘመድ ልጅ አብሮት እንዲኖር፣ ወይም ጎረቤት በመጠነኛ ክፍያ እንዲረዳው፣ ወይም ከልጁ ዘንድ እንዲሄድ መወሰን ይቻላል። ፈጽሞ ጧሪ የሌለው እንደ ሆነ ደግሞ ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ማመልከት፣ ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ እንደ መሠረተው እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ የበጎ አድራጎት ተቋማትንም መጠየቅ ይገባል። ይህ የመጨረሻው በር ነው፤ ከእርሱ በፊት ያሉት በሮች ሁሉ የተሞከሩ ስለ መሆናቸው ግን መካሪዎቹ በሕሊናቸው ፊት መመስከር አለባቸው።

ሥራው መያዙን ስለ መመርመር

ከሦስት ወር በኋላ ግቢውን ሰብስበው እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ። ባለፈው ሳምንት ሰላምታ ያልደረሰው አረጋዊ ነበረ ወይስ አልነበረም? ትርፍ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሁለት ሰዎች ሳይጠያየቁ መናገር ይችላሉ? በሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ አሁንም የሚያዳልጥ ነው? ማንደጃ አስገብቶ የተኛ ሰው ተገኝቷል? አረጋውያኑ ራሳቸው ከተደረገላቸው ነገር የሚወዱትና የሚያስቀይማቸው የቱ ነው? መልሱ ባልተስተካከለበት ነገር ላይ አዲስ ሰው ይመደብ፤ በተስተካከለበትም ተራው ሳይቋረጥ ይቀጥል።

ዐሥሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመፈጸም መሞከር አድካሚ ስለሆነ፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይም ሰው ሁሉ ከቤቱ በሚገኝበት ሌላ ሰዓት ጎረቤቶችዎን ጠርተው የሰባቱን ቀን ተረኞች ስም ብቻ ይጻፉ፤ ሰኞ ማለዳም የመጀመሪያው ተረኛ ሥራውን ይጀምር። ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ይጨመራል፤ ምክንያቱም በየቀኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ያለቀውን መድኃኒትና የተሰበረውን ደረጃ ከማንም በፊት የሚያይ እርሱ ነውና።